ሙሽራው ሽንሌን አልፏል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት፣ የእህቴ ልጅ ሂክማ በተዳረችበት እሁድ ነው። ልርሳው ብል እንኳ የድሬ ሰው አያስረሳኝም። ሠርግ ቤት ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንዱ ከወዲያ ማዶ «አብዲ፣ የዛሬውስ ሙሽራ የት ደረሰ?» ይለኛል። ሌላው ተቀብሎ «አዲጋላ!» ይላል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር ብዙ ነገር ተጨምሮበታል። አንዳንዱ ሙሽራው በእውነት ጂቡቲ ሄዶ ነበር ይላል። ስለዚህ እኔው ጥፋተኛው፣ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ቤታችን ውስጥ ሁለት ነገር አይጠፋም ነበር፤ ሽቦና ፈረንሳይኛ። ሽቦው እንጀራዬ ሆነ። ፈረንሳይኛው ግን ኩራት ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያውን መስመር በደንብ አነባለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ይደክመኛል።

ከሥራዬ ሌላ አማተር ሬዲዮ የሚባል በሽታ አለብኝ። ፈቃድ አውጥቼ፣ ጣሪያዬ ላይ አንቴና ተክዬ፣ በዓይኔ አይቻቸው ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በአየር ላይ ሰላም እባባላለሁ። ባለቤቴ ነጂማ በዚህ ነገር ላይ ያላት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ሰላም ከተባባላችሁ በኋላስ?» ትለኛለች። ሃያ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘሁላትም።

ሂክማን እንደ ልጄ ነው የማያት። እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ያሳደጋት አባቷ ሐጂ ብቻውን ነው። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቁምነገረኛ፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው። ግን ሰዓት አለው። የእጅ ሰዓቱን ማለቴ ነው። ሰው ሲያናግረው ፊቱን አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። አምስት ደቂቃ ያረፈደበትን ሰው ለአምስት ዓመት ያስታውሰዋል።

ሂክማ የወደደችው ደግሞ ቶፊቅን ነው። ቶፊቅ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከከተማው ውጭ፣ ሐርላ የሚባል ገጠር ናቸው። ደግ ልጅ ነው፤ አሮጊት አሳፍሮ ዕቃቸውን እቤታቸው ድረስ ተሸክሞ የሚያስገባ ዓይነት። ሠርጉ ግን ሁለት ጊዜ በእሱ በኩል ተላልፎ ነበር። አንዴ የሚገቡበት ቤት ጣሪያው አልደረሰም፤ ሌላ ጊዜ ሐርላ ያለው አጎቱ ታሞ። ሁለቱም እውነት ነበር። ሐጂ ግን ምክንያት አይሰማም፤ ቀን ነው የሚቆጥረው።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ሽማግሌ ሰብስቦ እንዲህ አለ፤ «እሁድ ከዙህር በኋላ ይመጣል ተብሏል። እኔ እስከ ዐስር አዛን እጠብቃለሁ። አዛኑ ካለ በኋላ ቢመጣ ግን በሬ ዝግ ነው፤ ኒካሁም የለም።»

ዐስር ማለቱ ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው ሶላት ነው። ማንም ሳቅ አላለም። ሐጂ እንደሚያደርገው ሁሉም ያውቃል።

በማግስቱ ሂክማ ሱቄ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሽቦ ስትጠቀልል ቆየችና «አብቲ» አለችኝ። በሶማልኛ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። «አብቲ፣ አባዬ ያንን ሰዓት እያየ ደሙ ይፈላል። ቶፊቅ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ሁሉም ነገር ያልቃል። አንድ ነገር አድርግልኝ።»

አንጀቴን በላችው። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ አንድ ነገር ለማድረግ እጄን ሲበላኝ ነው የከረመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአማተር ሬዲዮ ጋር የሚሠራ የክብሪት ቤት የምታክል ሳጥን አለችኝ። ሳጥኗ ከጂፒኤስ ጋር በሽቦ ስትገናኝ፣ ያለችበትን ቦታ ከሱ ትቀበልና በእጅ ሬዲዮ በኩል በየደቂቃው «ጭርር» ብላ ትልካለች። እቤት ያለው ሬዲዮ ያንን ጭርርታ ሰምቶ ላፕቶፕ ላይ፣ ካርታው ውስጥ፣ ቀይ ነጥብ ያደርገዋል። ሳጥኗን የቶፊቅ ባጃጅ ላይ ባስራት፣ ሐጂ ከሰዓቱ ይልቅ ነጥቡን ያያል። አማቹ እየቀረበ ሲመጣ እያየ ይረጋጋል። እኔም በሠርጉ ላይ ትንሽ ብታወቅ ምን አለበት?

ጂፒኤሱን የሰጠኝ ረሺድ የሚባል የአጎቴ ልጅ ነው። የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነጂ ነው። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን «አቦ አብዲ፣ ውሰደው፤ ከቆሻሻ አንተ ትሻላለህ» ብሎ ጣለልኝ። ጂቡቲ የተገዛ ስለሆነ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው። ለእኔ ይሄ ችግር አልነበረም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሽቦ ማገናኘቱ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሦስት ሽቦ ብቻ ናቸው፤ አንዱ መሬት፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ ወሬ አቀባይ። በመጀመሪያው ቀን መብራቱን የወሬው ቦታ ላይ በየድኩትና አንድ ነገር ሸተተ። ነጂማ ምሳ ይዛ ስትገባ አፍንጫዋን ይዛ «ማንን ነው የምትጠብሰው?» አለች። የተቃጠለውን ቀየርኩ። በሁለተኛው ቀን ሳጥኗ «ጭርር» አለች። ነጥቡ ካርታው ላይ ቁጭ አለ፤ ልክ ከዚራ፣ ልክ የሱቄ በር ላይ። ሱቁን ዘግቼ ሰው ሁሉ ላይ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

ዓርብ ዕለት ቶፊቅ ባጃጁን ይዞ መጣ። ከመግጠሜ በፊት ሱቁ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትሸው ብዬ ጂፒኤሱን አበራሁት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለሆንን ሳተላይቱን አጣው መሰለኝ፣ አንድ ጥያቄ አወጣ። በፈረንሳይኛ «ሳተላይት አልተገኘም። ሕንፃ ውስጥ ነዎት?» ይላል።

ድሬ ላይ «አንቱ» የሚባል ነገር ብዙም አናውቅም፤ ትንሹም ትልቁም «አንተ» ነው። በዕድሜዬ አንቱ ያለኝ ያ ጂፒኤስ ብቻ ነው። እንዲያ አክብሮ የጠየቀን ሰው ደግሞ በእውነት መመለስ አለብህ። ሕንፃ ውስጥ ነኝ? ነኝ። «ዊ»፣ አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

ከጥያቄው ሥር ሁለተኛ መስመር ነበረ። እንዳልኳችሁ ሁለተኛው መስመር ላይ ይደክመኛል።

ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልዬ የባጃጇ የኋላ መቀመጫ ሥር አሰርኩት። አንቴናውን በፕላስቲክ አበባው መሃል አወጣሁት። ለቶፊቅም አሳየሁት፤ «ከሐርላ ተነስታችሁ ከተማ ስትገቡ ይህችን ማብሪያ ትጫናለህ። የእጅ ሬዲዮው እዚህ ነው፤ ምናልባት ችግር ቢገጥምህ ጎኑ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ተጭነህ ትናገራለህ።»

«አሁን ዞር ዞር ብዬ ልሞክረው?» አለኝ ቶፊቅ።

መሞከር ነበረብን። ግን ስድስት ሰዓት ሞልቶ ነበር። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ ምሳ ሰዓት ከደረሰ በኋላ በዚያ ሙቀት ማንም ምንም አይነካም። ምሳ ይበላል፣ ይታረፋል፣ ጫት የሚቅም ይቅማል፤ ሥራ ወደ ማታ ይታያል። ሆዴም ጮኸ። «ትናንት ሞክሬዋለሁ፤ ሂድ ምሳህን ብላ» አልኩት። ምሳ ሄድን። ነገሩም በዚያው ታለፈ።

እሁድ ደረሰ። ሳቢያን ሰፈር፣ ሐጂ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሴቶቹ እቤት ከሂክማ ጋር፣ ሩዙና ሥጋው ከጓሮ። ኒካሁን የሚያስረው ሸህ መጥቶ ትራስ ተደግፏል። እኔ መሃል ላይ ጠረጴዛ ወስጄ ላፕቶፕና ሬዲዮዬን ዘርግቻለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ አስረድቻለሁ፤ ላልጠየቀኝም አስረድቻለሁ።

«ሰው ይዋሻል» አልኩ ሐጂን፣ ሁሉም እየሰማ። «ስልክም ይዋሻል፤ አልጋው ላይ ተኝቶ መንገድ ላይ ነኝ የሚልህ ስንት አለ። ይሄ መሣሪያ ግን አይዋሽም።»

ይህችን ንግግር እስከ ዛሬ ያስታውሱኛል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሬዲዮው «ጭርር» አለ። ቀዩ ነጥብ ብቅ አለ። ከዚራ! ሱቄ አጠገብ! ቶፊቅ ከሐርላ መጥቶ፣ መጋላ ሰፈርን አልፎ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ ገብቷል ማለት ነው። ብድግ ብዬ «ከዚራ ደርሷል!» አልኩ። ከውስጥ እልልታው ቀለጠ። ሐጂ ሰዓቱን አይቶ «ማሻአላህ» አለ፤ ጥርሱ ሲታይ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ሩዙን አውጡት» ብሎም አዘዘ።

ነጥቡ ተንቀሳቀሰ። ወደ ሳቢያን መታጠፍ ነበረበት። አልታጠፈም። ወደ ሰሜን ወጣ።

«ምናልባት ሰው ሊያነሳ ይሆናል» አልኩ።

ከከተማው ወጣ፤ የሽንሌን መንገድ ያዘ።

«ሽንሌ አክስት አለችው?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አያውቅም። አንድ ሽማግሌ «ማን አክስት የሌለው አለ?» ብሎ አገዘኝ።

ነጥቡ ሽንሌ ገባ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ሽንሌን አለፈ። ከዚያ ወዲያ ያለው የጂቡቲ መንገድ ብቻ ነው።

ሩዝ የያዙት ልጆች ትሪውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ሐጂ ከወንበሩ ተነስቶ ከኋላዬ ቆመ። ሲናደድ ወደ ኦሮምኛ ይሄዳል። «ማል ጄታ አብዲ?» አለኝ፤ ምንድን ነው የምትለው ማለቱ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለኝ። ያ ደግሞ ከጩኸቱ የባሰ ነው።

ቶፊቅ ጋ ደወልን፤ አይገባም። ሚዜው ጋ ደወልን፤ አይገባም። በዚያ ላይ ተራራው ጠቁሯል፤ ከወዲያ በኩል ከባድ ዝናብ ጥሏል። ስልኩም የዝናቡ ነገር ይሁን የሌላ፣ ለማንም አልሠራም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ እኔ ደግሞ መሣሪያውን መከላከል ያዝኩ። «ሐጂ፣ ነጥቡ ትክክል ነው፤ ሳተላይት ነው የሚነግረው» እላለሁ። ሰውየው ልጁ ላይ የደረሰውን እያሰበ፣ እኔ ስለ ሳተላይት እሟገታለሁ። አሁን ሳስበው እጄን በጥርሴ እነክሳለሁ።

ነጥቡ በጂቡቲ መንገድ ወደ አዲጋላ ገሰገሰ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለ አንዱ ከጥግ።

በዚህ መሃል ነጂማ ከሴቶቹ ቤት ብቅ አለች። ወሬው እዚያም ደርሷል። ሂክማ ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ። ነጂማ ግን ግራ የገባት ትመስላለች። «ሂክማ ጠይቂው ብላኝ ነው» አለች። «ነጥቡ በስንት ነው የሚሄደው? ትላለች።»

ከነጥቡ አጠገብ ፍጥነቱ ተጽፏል። «በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር» አልኳት።

ነጂማ ሄደች። ወዲያው ተመለሰች። «ሌላ ምንም አላለችም። ‹አባዬ በሬዲዮው ያናግረው› ብቻ ነው ያለችው።»

በሬዲዮው! እውነትም ባጃጁ ውስጥ የእጅ ሬዲዮ አለ፤ ይሄ ሁሉ ሲሆን ትዝ አላለኝም። ምናልባት ይሰማ ይሆናል። ማይኩን አነሳሁና በሠርግ ቤት ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ አልኩ፤ «ዋሪያ ቶፊቅ! ወዴት ነው የምትሸሸው? እያየንህ ነው! ነጥብህ እጃችን ላይ ናት!» ሦስት ጊዜ ደገምኩት። መልስ የለም። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ።

ሐጂ እጁን ዘረጋ። «አምጣው» አለኝ።

እውነት ለመናገር ይረግመዋል ብዬ ነው የፈራሁት። ዐስር ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የቀረው። ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ እንዲህ ሲል ተናገረ፤

«ቶፊቅ። ከሰማኸኝ ስማ። ልጄ ለብሳ ተቀምጣለች። እኔ... ስለ ሰዓቱ የተናገርኩት ተሳስቼ ነው። ያስፈራሁህ እኔ ነኝ። እናቷ ብትኖር ይሄን አታስደርገኝም ነበር። ተመለስ ልጄ። መግሪብም ቢሆን ተመለስ፣ ዒሻም ቢሆን ተመለስ። ነገም ቢሆን። በሩን አልዘጋም። እሷን ብቻ እንዲህ አታስቀምጥብኝ።»

ሸሁ ራሱ ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ። እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሐጂ አፍ የእህቴን ስም የሚያነሳ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከኋላው የባጃጅ ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ የቶፊቅ ድምፅ፣ ፈራ ተባ እያለ፤

«ሐጂ? የት ነህ? ወላሂ ድምፅህ ከመቀመጫዬ ሥር ነው የሚመጣው።»

ሐጂ ማይኩን ሊጥለው ነበር። «እኔ ሳቢያን፣ ቤቴ ነኝ! አንተ የት ነህ?»

«ደቻቱ ነኛ! በመጋላ በኩል፣ ድልድዩ ጋ። ጎርፍ መጥቶ ከተማው ሁሉ ሊያይ ወጥቷል፤ ድልድዩ በሰውና በመኪና ተዘግቷል። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚሁ ቆመናል። ስልክም እምቢ አለን። ያንተን አዛን ሳስብ መዋኘት አማረኝ።»

«መሣሪያው ግን አዲጋላን አልፈሃል ይላል» አለ ሐጂ።

ከዚያ የብዙ ባጃጅ ነጂዎች ሳቅ አንድ ላይ ፈነዳ። በሳቁ መሃል ቶፊቅ «በእኔ ባጃጅ?» ሲል ተሰማ።

መቼም በሕይወቴ ያን ያህል ዓይን አንድ ጊዜ ዞሮብኝ አያውቅም። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ነጂማ ከበሩ ላይ ሆና «ሰላም ከተባባላችሁ በኋላስ?» አለች፤ ልክ ያን ጊዜ እንድትለው ሃያ ዓመት የጠበቀች ይመስል።

በኋላ እንደ ሰማሁት፣ እኔ «ዋሪያ ቶፊቅ» ስል ቶፊቅ ወርዶ ጎርፉን እያየ ነበር፤ በጭንቀቱ ሬዲዮው መኖሩንም ረስቶታል። ባጃጁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። ከመቀመጫቸው ሥር «እያየንህ ነው» የሚል ድምፅ ሲወጣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ዘለው ወጡ። ጂን ነው ብለው ቢስሚላህ እያሉ ቶፊቅን ጠሩት። እሱ መቀመጫውን ሲያነሳ የሐጂን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማው። ብቻውን አይደለም፤ ሃያ ባጃጅ ነጂ ዙሪያውን ቆሞ ሰምቷል። ፈቃድ የሌለው ሰው በዚያ ሞገድ መናገር እንደማይገባው አውቃለሁ። የዚያን ቀን አፌን ከፍቼ ልከለክል አልቻልኩም።

የዐስር አዛን አለ። ከሳቢያን መስጊድ በቀጥታ ሰማነው፤ የቶፊቅ እጅ አሁንም መናገሪያው ላይ ስለነበረ የመጋላውም በሬዲዮው ገባ። ሁሉም ሰው ሐጂን አየው። ሐጂ ደግሞ እጁን አየ። ሰዓቱን ፈታና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ አልተበላሸም» አልኩት።

«አንተ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። «ይበላሻል።»

ከዚያ ሊሰግድ ሄደ።

ቶፊቅ የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ውሃው ጎድሎ ድልድዩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሃያዎቹ ባጃጆች ከሩቅ ነው ጥሩምባቸው የተሰማው። ከወረደ በኋላ የሐጂን እጅ ሊስም ጎንበስ ሲል ሐጂ ቀና አድርጎ አቀፈው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ግን ረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ቆሙ። ኒካሁ ታሰረ። ሩዙ ቀዝቅዞ ነበር፤ ማንም አላጉረመረመም።

እኔ ቀስ ብዬ ወደ ባጃጇ ሄድኩና ጂፒኤሱን ከመቀመጫው ሥር አወጣሁት። ቶፊቅ ማብሪያውን ማጥፋት ረስቷል። ስክሪኑ ላይ በዚያው አክባሪ ፈረንሳይኛው «መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል» ይላል። መድረሻው የጂቡቲ ወደብ ነው፤ ረሺድ ለመጨረሻ ጊዜ የተጓዘበት። ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ዓርብ ዕለት ያልጨረስኩት ሁለተኛ መስመር «እንግዲያውስ ጉዞውን በማስመሰል ላሳይዎ» የሚል ነበር። እኔ «ዊ» አልኩት። እሱም ቃሉን ጠብቆ፣ ባለበት ቁጭ ብሎ፣ በሐሳቡ ከሱቄ በር ተነስቶ ጂቡቲ ሄዶ ደረሰ።

ከሠርጉ ሦስት ወር በኋላ ሂክማና ቶፊቅ ቤት ምሳ ተጠራን። ቶፊቅ ለስላሳ ሊገዛ ወጣ ሲል፣ ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ «ሂክማ፣ ያን ቀን ነፍስሽን አወጣሁት» አልኳት።

ሳቀች። «እኔን? እኔ ከጠየቅኩህ በኋላ ጣፋጭ ሙሸበክ ስበላ ነበር እኮ።»

«እንዴት?»

«አብቲ፣ የቶፊቅ ባጃጅ ቁልቁለት ላይ አርባ ከሄደች ዕድለኛ ነን። ዘጠና ስትለኝ እሱ እንዳልሆነ አወቅኩ።»

ሬዲዮና ኤሌክትሪክ አርባ ዓመት የነካካሁ ሰው፣ ባጃጅ ዘጠና እንደማይሄድ አልታየኝም። እሷ ከጓዳ ሆና፣ ነጥቡን ሳታይ አወቀች።

«ታዲያ ለምን ለአባትሽ አልነገርሽውም? ያን ሁሉ ጭንቀት!»

የሳቅ ፊቷ ትንሽ ከበድ አለ። ሳህኗን ወደ ጎን አደረገችው። «ልነግረው ተነስቼ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ጊዜ ማወቅ ፈለግኩ» አለች። «የሚጠብቀው እኔን ነው ወይስ ሰዓቱን።»

እጄን ሰጠኋት፤ ያዘችው።

አሁን በየሠርጉ «አዲጋላ» ሲሉኝ አፍራለሁ፤ ግን አልጸጸትም። ያን ሁለተኛ መስመር አንብቤ ቢሆን ኖሮ፣ ነጥቡ ደቻቱ ዳር ይቆም ነበር። ሐጂም ሰዓቱን እያየ ይጠብቅ ነበር። ያን ንግግር ማንም አይሰማውም ነበር፤ ሂክማም ጭምር።

ሰዓቱ ሱቄ ውስጥ፣ ከመብራት ቆጣሪው ሥር ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አልተበላሸም፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አያዛንፍም። ሐጂ በሱቄ በር በየቀኑ ያልፋል፤ ሰላም ይለኛል፣ ፊቴን እያየ። ስለ ሰዓቱ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።